ሁለተኛውን መፍሰስ መቅደም፦ ስለፈነዳ የአንጎል አኑሪዝምና ስለ ቀዶ ሕክምናው



  የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ድንገተኛ የአንጎል ሕመም ነው። በአንጎል ሥር ያለ የደም ሥር ሳስቶና አብጦ ሲፈነዳ ምን እንደሚሆን፣ ቀዶ ሕክምናውም ምን እንደሚያደርግ እነግራችኋለሁ። ይህን እብጠት ሐኪሞች አኑሪዝም ይሉታል።

ንግግሬ ውስጥ ስምና ቁጥር ስለሚበዛ ዋናውን ነገር ከወዲሁ ላስቀምጥ። ሰው ኦፕራሲዮን ተደረገ ሲባል የተበላሸው ተጠገነ ብሎ ያስባል። እዚህ ላይ ግን እንዲያ አይደለም። የመጀመሪያው የደም መፍሰስ በአንጎል ላይ ያደረሰውን ጉዳት የትኛውም ቀዶ ሐኪም በየትኛውም መሣሪያ አይመልሰውም። ቀዶ ሕክምናው አንድ ሥራ ነው የሚሠራው፤ ያው የደም ሥር ዳግመኛ እንዳይደማ መዝጋት። ይህን ከያዝን «የራስ ቅል ተከፍቶ ይሻላል ወይስ በደም ሥር ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ በካቴተር?» የሚለው የብዙ ዓመት ክርክርም፣ የሕሙማኑ መጨረሻ ያን ያህል የሚለያይበት ምክንያትም ግልጽ ይሆንልናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውንም ልብ በሉልኝ።

አንጎላችን ደም የሚያገኘው በአራት ዋና ዋና የደም ሥሮች ነው። ሁለቱ በአንገት ፊት ለፊት በግራና በቀኝ ይወጣሉ፤ ሁለቱ ደግሞ በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ አልፈው ከኋላ ይመጣሉ። አራቱም አንጎል ሥር ሲደርሱ እርስ በርስ ተገናኝተው ክብ ይሠራሉ። ይህን ክብ እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ በ1664 ባሳተመው መጽሐፍ በዝርዝር ገልጾታል። ሥዕሎቹን በመሣል ያገዘው በኋላ የለንደኑን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የነደፈው ክሪስቶፈር ሬን ነበር። ክቡ እስከ ዛሬ በዊሊስ ስም ይጠራል። አኑሪዝም አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በዚሁ ክብ ላይ፣ የደም ሥሮቹ ቅርንጫፍ በሚያወጡበት መገንጠያ ነው፤ ከልብ ተገፍቶ የሚመጣው ደም በኃይል የሚመታው ያንን ቦታ ነውና። አሮጌ የብስክሌት ጎማ የሳሳ ቦታው ላይ እንደሚያብጥ ሁሉ፣ የደም ሥሩም ግድግዳ በዓመታት ግፊት ተለጥጦ ከረጢት ይሆናል። ከረጢቱ ከደም ሥሩ ጋር የሚገናኝበት አንገት አለው፤ ስስና ለመፈንዳት ቅርብ የሆነው ደግሞ አናቱ ነው። አብዛኞቹ አኑሪዝሞች አንድ ሳንቲሜትር እንኳ አይሞሉም።

ከመቶ አዋቂዎች ሦስቱ ያህል አኑሪዝም ሳያውቁት ይዘው ይኖራሉ። አብዛኞቹ ሳይፈነዳባቸው ዕድሜያቸውን ጨርሰው በሌላ ምክንያት ይሞታሉ። ስለዚህ ማንም ከዚህ አዳራሽ ደንግጦ እንዳይወጣ። የሚፈነዳባቸው በብዙ አገሮች በዓመት ከ100,000 ሰው መካከል ከ6 እስከ 10 የሚሆኑት ናቸው፤ በፊንላንድና በጃፓን ቁጥሩ ከዚህ ከፍ ብሎ ቆይቷል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይበዛሉ። አማካይ ዕድሜያቸው 55 ገደማ ነው። ሌላው ስትሮክ በብዛት የሚመጣው ከዚህ በገፋ ዕድሜ ሲሆን፣ ይህኛው የሚጥለው ገና ቤተሰብ የሚያስተዳድረውን፣ ልጅ የሚያስተምረውን ሰው ነው። ሲጋራና የደም ግፊት ዋና አባባሾቹ ናቸው።

ከረጢቱ ሲፈነዳ ደሙ አንጎልን በሸፈነው ስስ ሽፋን ሥር ይረጫል። በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት በሰከንዶች ውስጥ ያሻቅባል። አንዳንድ ጊዜ ከልብ ከሚመጣው ደም ግፊት ጋር እስኪተካከል ይደርስና ወደ አንጎል የሚገባው ደም ለአፍታ ይቋረጣል፤ ሰውየው ራሱን ስቶ የሚወድቀው ያን ጊዜ ነው። የሚገርመው ያው ግፊት መድማቱንም ለጊዜው ይገታዋል፤ ቀዳዳው ላይ ደም ይረጋና ይደፍነዋል። ከአሥር ሰው አንዱ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ሆስፒታል ሳይደርስ ይሞታል። ለተረፉት ሰዎች ከሁለተኛው መፍሰስ የሚጋርዳቸው ያ የረጋ ደም ብቻ ነው።

ምልክቱ ራስ ምታት ነው፤ ነገር ግን እንደ ሌላው ራስ ምታት ቀስ እያለ አይመጣም። በሰከንዶች ወይም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ ይነካል። ሕመምተኛው «በሕይወቴ እንዲህ ያለ ራስ ምታት አይቼ አላውቅም» ይላል። ማስመለስ፣ ብርሃን መጥላት፣ የአንገት መገተር፣ ራስን መሳት ወይም የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ አብሮት ሊመጣ ይችላል። አንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ የአንድ ዓይን ቆብ ይወርድና ብሌኑ ይሰፋል፤ ይህ አኑሪዝሙ የዓይንን ነርቭ እየተጫነ ለመሆኑ ምልክት ነው፤ ከመፈንዳቱ በፊት እንኳ ሊታይ ስለሚችል ለነገ የማይባል ነው።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው ሲታይ መጀመሪያ የሚባለው «ምች መታው» ነው። ዳማከሴ ይጨመቅለታል፤ ቡና ይጠጣል፤ ክፍሉ ጨለማ ተደርጎ ይተኛል። ክሊኒክ ከሄደም ማይግሬን ነው፣ ግፊት ነው፣ ታይፎይድ ነው ሊባልና ማስታገሻ ይዞ ሊመለስ ይችላል። አንገቱ ከተገተረ ደግሞ ማጅራት ገትር ይመስላል። ይህ ስሕተት በእኛ ብቻ የሚደርስ አይደለም። በ2004 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 482 ሕሙማንን ተከታትሎ፣ 12 ከመቶ የሚሆኑት መጀመሪያ ላይ ሌላ በሽታ ነው እንደተባሉ አሳይቷል። ዋናው ምክንያት ሲቲ ስካን አለመታዘዙ ነበር። የበለጠ የሚያሳዝነው ግን ስሕተቱ የበዛው ንቁና ተናጋሪ ሆነው በእግራቸው በመጡት ላይ መሆኑ ነው። በጊዜ ቢታወቅላቸው ከሁሉ ይልቅ የሚተርፉት እነሱ ነበሩ።

ዘመናዊ ሲቲ ስካን ሕመሙ በጀመረ በስድስት ሰዓት ውስጥ ተነሥቶ በባለሙያ ከተነበበ ደሙን ሳያሳይ የሚቀረው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ቀናት ሲያልፉ ግን ደሙ ከሥዕሉ ላይ እየደበዘዘ ይሄዳል። ያን ጊዜ ከወገብ በመርፌ ፈሳሽ ተወስዶ ይመረመራል። ደም መፍሰሱ ከተረጋገጠ በኋላ አኑሪዝሙ የት እንዳለና ምን ቅርጽ እንዳለው ለማየት የደም ሥሮቹ ፎቶ ይነሣል። ይህንን የአንጎል የደም ሥር ፎቶ፣ ማለትም አንጂዮግራፊን፣ በ1927 በሊዝበን የጀመረው ፖርቹጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ ነው።

ቀዶ ሐኪሙ የሚቸኩለው ለምንድን ነው? ቀዳዳውን የደፈነው የረጋ ደም ሊለቅ ስለሚችል ነው። ዳግመኛ የመድማቱ አደጋ ከፍተኛ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ነው። ዳግመኛ ከደማባቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይሞታሉ። ድሮ ሐኪሞች አንጎሉ እስኪረጋጋ እንጠብቅ እያሉ ቀዶ ሕክምናውን አንድ ሁለት ሳምንት ያቆዩት ነበር። ሲጠብቁ ግን ብዙ ሰው ከእጃቸው ወጣ። ዛሬ መመሪያው በተቻለ ፍጥነት፣ ቢቻል በ24 ሰዓት ውስጥ ዝጉት ነው የሚለው።

የሚዘጋበት መንገድ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የራስ ቅልን ከፍቶ መግባት ነው።

በ1931 ኤድንበራ ውስጥ ስኮትላንዳዊው ኖርማን ዶት ደጋግሞ የደማበትን አንድ ሕመምተኛ የራስ ቅል ከፍቶ ወደ አኑሪዝሙ ተጠጋ። ከዚያ በፊት የተለመደው አንገት ላይ ያለውን ትልቁን የደም ሥር መቋጠር ወይም አስተኝቶ መጠበቅ ነበር። ዶት ሲጠጋ አኑሪዝሙ እዚያው ፊቱ ላይ ፈነዳ። ባልደረባው ከሕመምተኛው እግር ላይ ጡንቻ ቆርጦ አቀበለው፤ ዶት ያንን ጡንቻ በቀዳዳው ላይ ለ12 ደቂቃ ያህል ተጭኖ ያዘው፤ ደሙ ቆመ። ሕመምተኛውም ዳነ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1937፣ በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ዋልተር ዳንዲ የዓይን ቆቡ የወደቀበትን የ43 ዓመት ሰው ከፍቶ የአኑሪዝሙን አንገት በትንሽ የብር ክሊፕ ቆነጠጠው። ክሊፕ የሚባለው ሕክምና የጀመረው በዚያ ቀን ነው። ቀጣዩ ትልቅ እርምጃ ማይክሮስኮፕ ነው። ቱርክ ተወልዶ ዙሪክ የሠራው ጋዚ ያሳርጊል በአሜሪካ ቬርሞንት ጥቃቅን የደም ሥሮችን በማይክሮስኮፕ መስፋት ከተማረ በኋላ፣ ከ1967 ጀምሮ አኑሪዝምን በማይክሮስኮፕ መሥራትን ለዓለም አስተማረ።

ዛሬ እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብለን እንየው። ሕመምተኛው በሙሉ ሰመመን ተኝቶ ራሱ በሦስት ሹል ብረቶች ተይዞ ይታሰራል፤ ቅንጣት መነቃነቅ የለም። ቆዳው ከጆሮ ፊት ተነሥቶ በፀጉሩ መስመር ውስጥ ይቀደዳል። አጥንቱ ተበስቶና ተቆርጦ ይነሣል፤ በመጨረሻ ቦታው ተመልሶ በትናንሽ ብሎኖች ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በማይክሮስኮፕ ነው። የፊተኛውንና የጎነኛውን የአንጎል ክፍል የሚለይ የተፈጥሮ ስንጥቅ አለ፤ ሐኪሙ የሸፈነውን ስስ ድር እየቆረጠ በዚያ ስንጥቅ ይወርዳል። አንጎሉ ራሱ አይቆረጥም።

መጀመሪያ የሚፈለገው አኑሪዝሙ አይደለም፤ ወደ እሱ ደም የሚያመጣው የደም ሥር ነው። ከረጢቱ በሥራ መካከል ቢፈነዳ ምንጩን ወዲያው መዝጋት ያስፈልጋልና። አስፈላጊ ሲሆን በዚያ የደም ሥር ላይ ጊዜያዊ ክሊፕ ይደረጋል፤ ከጥቂት ደቂቃ በላይ መቆየት ስለሌለበት ሰዓቱ እየተቆጠረ ነው የሚሠራው። ግፊቱ ሲቀንስ ከረጢቱ ይለሰልሳል፤ ሐኪሙም አንገቱን በሁለቱም በኩል ያጸዳል። ከዚያ ቋሚው የቲታኒየም ክሊፕ ይገባል፤ አፉ አንገቱን ይነክስና እዚያው ዕድሜ ልኩን ይቀራል። ከባዱ ጥንቃቄ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በአካባቢው እንደ ፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች አሉ፤ አንዷ ከክሊፑ ጋር ብትያዝ ሕመምተኛው ሲነቃ ግማሽ አካሉ ላይታዘዝለት ይችላል። ስለዚህ አረንጓዴ ቀለም በደም ሥር ተሰጥቶ በማይክሮስኮፑ ልዩ ብርሃን ይታያል። ደም የሚሄድባቸው ሁሉ ያበራሉ። ከረጢቱ ብቻውን ጨልሞ ከቀረ ሥራው ተሳክቷል።

ሁለተኛው መንገድ የራስ ቅልን አይነካም፤ በደም ሥሩ ውስጥ ራሱ ይገባል። ሞስኮ ውስጥ ፊዮዶር ሰርቢነንኮ በ1970ዎቹ በደም ሥር ውስጥ ገብቶ የሚለቀቅ ትንሽ ፊኛ በመጠቀም መንገዱን ካሳዩት አንዱ ነበር። ፊኛው ግን ቅርጹ ከከረጢቱ ቅርጽ ጋር ስለማይስማማ አኑሪዝሙን ሊያፈነዳው ይችላል። መፍትሔውን ያመጣው ጣሊያናዊው ጉይዶ ጉሊየልሚ ነው። በሎስ አንጀለስ ከባልደረቦቹ ጋር ኮይል የሚባል በጣም ለስላሳ የሆነ የፕላቲነም ጥቅልል ሠሩ፤ ጥቅልሉ ከረጢቱ ውስጥ ከገባ በኋላ በቀላል የኤሌክትሪክ ኃይል ከገፊው ሽቦ ይላቀቃል። የመጀመሪያው ሰው በ1990 ታከመበት፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ደግሞ በ1995 ፈቀደው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ በኩል አንድ ካቴተር ይገባል፤ በራጅ እየታየ በደረት በኩል ወደ አንገት ይወጣል። በውስጡ ሌላ በጣም ቀጭን ካቴተር እስከ አኑሪዝሙ አፍ ይገፋል። የመጀመሪያው ጥቅልል ከረጢቱ ውስጥ ተዘርግቶ እንደ ቅርጫት ግድግዳውን ይይዛል፤ የቀሩት እየተከታተሉ ውስጡን ይሞሉታል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር ፕላቲነሙ ብቻውን ከከረጢቱ ይዘት የሚሞላው ሩብ ገደማውን መሆኑ ነው። የቀረውን የሚዘጋው የሕመምተኛው የራሱ ደም ነው፤ በጥቅልሉ ዙሪያ ይረጋና ይደፍነዋል። የዘዴው ድካምም እዚሁ ላይ ነው። በዓመታት ውስጥ ጥቅልሉ ሊጠቀጠቅና አንገቱ እንደገና ሊከፈት ስለሚችል ሕመምተኛው በየጊዜው ፎቶ መነሣት አለበት፤ አንዳንዱም ድጋሚ ይታከማል።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ክርክሩ ሐኪሞችን ለሁለት የከፈለ ነበር፤ የራስ ቅል የሚከፍተው የራሱን፣ በካቴተር የሚገባውም የራሱን ያወድሳል። ጉዳዩን በእጣ የለየው አይሳት የሚባለው ጥናት ነው። በአብዛኛው በብሪታንያና በአውሮፓ ባሉ 43 ሆስፒታሎች አኑሪዝማቸው የፈነዳ 2143 ሕሙማን በእጣ ለሁለት ተከፈሉ። በ2002 ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ በፊት ቆመ፤ ልዩነቱ ታይቷልና። ከአንድ ዓመት በኋላ የሞቱት ወይም የሰው እርዳታ ጠባቂ የሆኑት በክሊፕ ከታከሙት 30.6 ከመቶ፣ በኮይል ከታከሙት ደግሞ 23.7 ከመቶ ነበሩ። ይህም ማለት ከመቶ ሰው ሰባቱ ያህል ከዚያ ዕጣ ተርፈዋል። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ሚዛኑ ወደ ካቴተሩ አጋደለ።

ቁጥሩን ስናነብ ግን ማን እንደተቆጠረም እንጠይቅ። ለጥናቱ ከታዩት 9559 ሕሙማን ውስጥ እጣው የደረሳቸው ከሩብ በታች ናቸው። የገቡት ቀዶ ሐኪሙም የካቴተር ሐኪሙም «በሁለቱም መንገድ ይሆናል» ብለው የተስማሙባቸው ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ በደህና ሁኔታ ላይ የነበሩ፣ አኑሪዝማቸውም ትንሽና በክቡ ፊተኛ በኩል ያለ ነበር። ስለዚህ ጥናቱ «ክሊፕ ቀርቷል» አላለም፤ «ሁለቱም የሚቻልበት ሰው ላይ ኮይል ይቅደም» ነው ያለው። አሥር ዓመት ሲሞላ በብሪታንያ ከተከታተሏቸው መካከል ከኮይል ወገን 83 ከመቶ፣ ከክሊፕ ወገን 79 ከመቶ በሕይወት ነበሩ። ከታከመው አኑሪዝም ዳግመኛ መድማት በሁለቱም ወገን ጥቂት ሆኖ፣ በኮይል በኩል ግን በዛ ብሎ ታይቷል።

በአሜሪካ አሪዞና በፊኒክስ ባሮው ተቋም የተደረገው ጥናት ደግሞ በር ላይ የደረሰውን ሁሉ ተራ በተራ በእጣ መደበ። በአንደኛው ዓመት ውጤታቸው መጥፎ የሆነው በክሊፕ 33.7፣ በኮይል 23.2 ከመቶ ነበሩ። ዓመታት ሲያልፉ ግን በጠቅላላው ልዩነቱ እየጠበበ ሄደ፤ ጎልቶ የቀረው በክቡ ኋለኛ በኩል ላሉ አኑሪዝሞች ነበር፤ እዚያ ካቴተሩ ይሻላል። ደግሞም በእጣ ኮይል ደርሷቸው ከነበሩት ከሲሦ በላይ የሚሆኑት አኑሪዝማቸው ለኮይል ስላልተመቸ በክሊፕ ነው የታከሙት። ክሊፕ የሚሠራ እጅ በሆስፒታሉ ባይኖር እነዚያ ሰዎች ምን ይሆኑ ነበር?

ዛሬ ልምድ ባላቸው ሆስፒታሎች ውሳኔው እንዲህ ይወሰናል። አኑሪዝሙ ከኋላ በኩል ከሆነ፣ ሕመምተኛው ካረጀ ወይም አንጎሉ በጣም ካበጠ ወደ ካቴተር ያደላሉ። ከፍንዳታው ጋር አንጎል ውስጥ ትልቅ የደም ጓል ተጠራቅሞ እየተጫነው ከሆነ፣ ጓሉ መውጣት ስላለበት የራስ ቅሉ ይከፈታል፤ በዚያው ክሊፑም ይደረጋል። አንገቱ ሰፊ የሆነ፣ ወይም ቅርንጫፍ ከከረጢቱ ራሱ የሚወጣበት አኑሪዝም ብዙ ጊዜ ለክሊፕ ይመቻል። ሁለቱ ባለሙያዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ፎቶውን አብረው አይተው ሲወስኑ ሕመምተኛው ይጠቀማል።

አኑሪዝሙ ተዘጋ ማለት ሕመሙ አበቃ ማለት አይደለም። ከአራተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ የፈሰሰው ደም እየሟሟ የአንጎልን የደም ሥሮች ያስቆጣቸውና ይኮማተራሉ። ከሦስት ሕሙማን በአንዱ ገደማ የአንጎል ክፍል ደም ሊያጥረው ይችላል፤ ትናንት ሲያወራ የነበረ ሰው ዛሬ አፉ ይተሳሰራል፣ እጁ ይዝላል። ለዚህ የተረጋገጠው መድኃኒት ኒሞዲፒን ነው፤ በየአራት ሰዓቱ 60 ሚሊግራም ለ21 ቀናት ይሰጣል። ሌላው የአንጎል ፈሳሽ መውረጃው በደም ተዘግቶ መጠራቀሙ ነው፤ ያን ጊዜ ቀጭን ቱቦ ገብቶ ይወርዳል። ይህ ሁሉ የሚሠራው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። ሌሊት በየሰዓቱ ሕመምተኛውን ቀስቅሳ «ስምህ ማነው? እጄን ጭመቅ» የምትል ነርስ ለውጡን ከማንም በፊት ታያለች። የዚያች ነርስ ሥራ ከቀዶ ሐኪሙ እጅ አያንስም።

መጨረሻቸውስ? በዘመናዊ ሕክምና እንኳ አኑሪዝም ከፈነዳባቸው ሰዎች ሲሦ ያህሉ ይሞታሉ። ከተረፉት ብዙዎቹ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ግን የማስታወስ ችግር፣ ድካም፣ የስሜት መለዋወጥና ፍርሃት ለወራት ወይም ለዓመታት ይከተላቸዋል። ውጤቱን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ሕመምተኛው ሆስፒታል ሲደርስ ያለበት ሁኔታ ነው። ሐኪሞች ከ1968 ጀምሮ ከአንድ እስከ አምስት ደረጃ ይሰጡታል፤ ደረጃ አንድ ራስ ምታት ብቻ ያለው፣ ደረጃ አምስት ደግሞ ራሱን ፈጽሞ የሳተ ነው። ደረጃ አንድ ወይም ሁለት ሆኖ የመጣ ሰው በክሊፕም በኮይልም ጥሩ ተስፋ አለው፤ በአምስት የመጣው ግን ሁለቱም ይከብዱታል።

የዓለም ሕዝብ የሚያውቃትን አንዲት ሰው ልጥቀስ። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» በሚባለው ተከታታይ ፊልም የታወቀችው እንግሊዛዊት ተዋናይት ኤሚሊያ ክላርክ በ2011 በ24 ዓመቷ ስፖርት ስትሠራ አኑሪዝሟ ፈነዳ፤ ለንደን ውስጥ በካቴተር ታከመች። ከቀናት በኋላ የራሷን ስም መናገር አቅቷት እንደነበር፣ ኋላም ቋንቋዋ እንደተመለሰ በ2019 ራሷ ጽፋለች። በሌላው የአንጎሏ ጎን የነበራት ሁለተኛ አኑሪዝም ስላደገ በ2013 ኒው ዮርክ ውስጥ በካቴተር ሊዘጋ ሲሞከር ደማ፤ ሐኪሞቹ የራስ ቅሏን ከፍተው አዳኗት። በአንድ ሰው ላይ ሁለቱም መንገድ ተሠርቷል፤ ሁለቱም አስፈልጓል። ዛሬ በሥራዋ ላይ ናት፤ ከአንጎል ጉዳት ለሚያገግሙ የሚረዳ ድርጅትም አቋቁማለች።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ለረጅም ዘመን የአንጎል ቀዶ ሐኪሞቻችን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2006 ከኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲና ከሃውክላንድ ሆስፒታል ጋር ተባብሮ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን ጀመረ፤ ከዚያ የወጡት ዛሬ ሌሎችን ያሠለጥናሉ። አንዳንድ ሰው ኮይል የዘመኑ መንገድ ነውና ክሊፕ ኋላ ቀር ነው ሲል እሰማለሁ። እኔ አልስማማም። የኮይል ዋጋ ውድ ነው፤ ለአንድ ሰው ብዙ ጥቅልል ያስፈልጋል፤ ልዩ የራጅ ማሽን ይፈልጋል፤ ክትትሉም ዓመታት ይወስዳል። ክሊፕ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ፣ በአንድ ማይክሮስኮፕና በሠለጠነ እጅ የሚሠራ ሕክምና ነው። ኮይል ይምጣ፤ ግን ክሊፕ የሚሠራ እጅ አይጥፋ። ሁለተኛውን መፍሰስ በጊዜው የዘጋ ሁሉ ሥራውን ሠርቷል።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶቻችን ምክርም እዚህ ይሠራል። ግፊታችሁን ተለኩ፤ መድኃኒት ከታዘዘላችሁ ተሻለኝ ብላችሁ አታቋርጡ። ሲጋራ የምታጨሱ ተዉ። ከወላጅ፣ ከወንድም ወይም ከእህት መካከል ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ላይ አኑሪዝም የታየ እንደሆነ ሐኪም አማክራችሁ ተመርመሩ።

ሐኪሞችና ነርሶች የሆናችሁ ደግሞ፣ ድንገት የጀመረ ራስ ምታት ይዞ የመጣን ሰው በማስታገሻ አትሸኙት። ሲቲ ስካን ከሌላችሁ ሪፈር ጻፉለት፤ ሪፈሩ ላይም ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት መጻፍ አትርሱ።

ለሁላችሁም የማቀርበው ልመና አንድ ነው። በደቂቃ ውስጥ ጣሪያ የነካ፣ ከዚያ በፊት የማያውቀው ራስ ምታት የያዘውን ሰው ይተኛና ይሻለዋል አትበሉ። አስፕሪንም አትስጡት፤ የደም መርጋትን ያዳክማልና። በዚያው ሰዓት ሲቲ ስካን ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት። የቀረውን ሥራ እኛ እንሠራለን፤ እናንተ ካላደረሳችሁት ግን የምንሠራው የለም።